ምክር ከአባት፣ ደንብ ከራስ

አሂቃር የአሦር ነገሥታት አማካሪና ማኅተም ጠባቂ ነበር ይላል ታሪኩ። ልጅ አልነበረውምና የእኅቱን ልጅ ናዳንን እንደ ልጁ አሳደገ፤ በጌታ ፊት እንዴት እንደሚቆም፣ ከማን ጋር ማዕድ እንደሚቆርስ፣ ምላሱን እንዴት እንደሚገታ አንድ በአንድ እያነሣ መከረው። ናዳን ተመክሮ አደገና አጎቱን በንጉሡ ፊት በሐሰት ከሰሰው። ሽማግሌው ሞት ተፈረደበት። ከሞት ያስጣለውም ሲደረድረው የኖረው ምክር አይደለም፤ እንዲገድለው የተላከው ሹም ቀድሞ አሂቃር ሕይወቱን ያተረፈለት ሰው ስለነበር ውለታውን መለሰለት።

ይህ ታሪክ በደቡብ ግብፅ፣ በዓባይ መካከል ባለችው በኤለፋንታይን ደሴት፣ በአምስተኛው መቶ ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በአረማይክ በተጻፈ ፓፒረስ ላይ ተገኝቷል። ከአባባሎቹ ጥቂቶቹ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ተሸጋግረው በግዕዙ መጽሐፈ ፈላስፋ ውስጥ ገብተዋል። የሰው ልጅ ለአኗኗሩ፣ ለሥራውና ለአሳቡ የጻፋቸውን ደንቦች ስቃኝ ከዚህ የምነሣው ሆን ብዬ ነው። ይህ የጽሑፍ ዘር ገና ከጥንቱ የራሱን ሽንፈት አብሮ መዝግቧል። ምክሩ ጥሩ ነው፤ መካሪውም ጥሩ ነው፤ ልጁ ግን ናዳን ሆነ።

ደንቦቹን ብቻ ለሚያነብ ሰው ነገሩ ቶሎ ይሰለቻል። የሱመሩ ሹሩፓክ ለልጁ ለዚዩሱድራ የመከረው ምክር በሸክላ ጽላት ላይ የተቀረጸው ከዛሬ አራት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ አትስረቅ፣ ጠብ ካለበት አትቁም፣ ዋስ አትሁን ይላል። እነዚህን ሦስቱን ዛሬ ማንም የአዲስ አበባ አባት ሳይማራቸው ይመክራቸዋል። የግብፁ ሹም ፕታህሆቴፕ ትንሽ ይለያል፤ እርጅና ጉልበቱን እንደጨረሰው በምሬት ከተናገረ በኋላ ልጁን ‘በእውቀትህ አትኩራ’ ይለዋል፤ መልካም ንግግር እንደ ከበረ ድንጋይ የተሰወረ ቢሆንም ወፍጮ ከሚፈጩ ገረዶች አፍ ይገኛልና። ከሹም አፍ የማይጠበቅ ቃል ነው። ከዚህ ሌላ ግን ቁጣን ግታ፣ ወዳጅ ምረጥ፣ ማልደህ ተነሣ፣ ቃልህን ጠብቅ የሚሉት ከሺህ ዓመት ወደ ሺህ ዓመት ያለ ብዙ ለውጥ ይተላለፋሉ። የሚለዋወጠው ሌላ ነገር ነው፤ ደንቡ የተነገረው ለማን ነው? ሲፈርስስ የሚጠይቅ ማን ነው?

በጥንቱ ዓለም መልሱ አንድ ነበር ማለት ይቻላል። ተናጋሪው አባት፣ ሰሚው ልጅ። መጽሐፈ ምሳሌም፣ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት የሚቆጠረው መጽሐፈ ሲራክም፣ ‘ልጄ ሆይ’ እያሉ ነው የሚናገሩት። ለመካሪው ይህ አቀማመጥ ምቹ ነው። አባት ልጁን ይጠይቃል፤ ልጅ አባቱን አይጠይቅም። የሲራክ መጽሐፍ ግን አንድ የተለየ ዕጣ ገጠመው። መጽሐፉን ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክ የመለሰው የጸሐፊው የልጅ ልጅ ነው። ግብፅ ወርዶ፣ የአያቱን ቃል በሌላ ቋንቋ ለማስተካከል እንቅልፍ አጥቶ እንደ ሠራው በመግቢያው ጽፏል፤ ትርጉሙ ከመነሻው ጋር እኩል ኃይል እንደሌለውም ሳይሸሽግ ተናግሯል። ምክር ተቀባይ ልጅ ምን እንዳደረገበት በግልጽ የምናይበት ያልተለመደ ሰነድ ነው። ወደዚህ የልጅ ተርጓሚነት ነገር በኋላ እመለሳለሁ።

ሮማውያን ደግሞ መካሪንና ተመካሪን በአንድ ሰው ውስጥ አስቀመጡ። የንጉሥ ኔሮን መምህር የነበረው ሴኔካ ስለ ቁጣ በጻፈው መጽሐፍ የማታ ልማዱን ይነግረናል። መብራት ሲወጣ፣ ልማዱን የምታውቀው ሚስቱም ዝም ስትል፣ ቀኑን ሙሉ የሠራውንና የተናገረውን ወደ ኋላ ሄዶ ይመረምራል። እገሌን ከሚገባው በላይ በኃይል ገሠጽኩት፤ ስለዚህ አላረምኩትም፤ አስቀየምኩት። ካልተማሩ ጋር ክርክር ገጠምኩ። እዚህ ላይ ከሳሹም፣ ተከሳሹም፣ ዳኛውም ሴኔካ ነው። ፍርዱም ቀላል ነው፤ ሁለተኛ እንዳታደርግ፣ ለአሁኑ ምሬሃለሁ። ሰውየው ስለ ድህነት በጎነት እየጻፈ በሮማ ከናጠጡት ባለጠጎች አንዱ በመሆኑ ጠላቶቹ በሕይወት ሳለም አልማሩትም። ያም ሆኖ የእሱ ሌሊት ከብዙ አባቶች ጉባኤ ይልቅ ያሳምነኛል፤ ቢያንስ በችሎቱ ፊት የቆመው ራሱ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ161 እስከ 180 የነገሠው ማርቆስ አውሬልዮስ ከዚህም አልፎ ሄደ። በዳኑብ ወንዝ ዳር በጦርነት ሰፈር ሳለ፣ ሮማዊ ሆኖ በግሪክ ቋንቋ፣ ማንም እንዲያነበው ሳያስብ ለራሱ ማስታወሻ ጻፈ። የመጀመሪያው ክፍል ከእያንዳንዱ ሰው፣ ከአያቱ፣ ከእናቱ፣ ከመምህራኑ የተማረውን በስም እየጠራ የሚያመሰግንበት የውለታ መዝገብ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው በሙሉ ንትርክ ነው፤ ከራሱ ጋር። አንደኛው ንትርክ በተለይ ያስቃል። የሮማ ንጉሠ ነገሥት ንጋት ላይ ከመኝታው መነሣት ተስኖት ራሱን ይለማመጣል። ጉንዳንና ንብ ሥራቸውን ሲሠሩ አንተ ሰው ሆነህ የሰውን ሥራ ለመሥራት ትለግማለህ? ይላል። ሌላኛው እሱ ይመልሳል፤ እዚህ ይሞቃል እኮ። ዓለምን የሚያዝ ሰው ብርድ ልብሱን ማዘዝ አቃተው።

የመነሣትን ነገር በቁርጥ የፈታው ሌላ ሰው ነው። ጳኩሚስ በግዳጅ ተመልምሎ ወታደር የነበረ ግብፃዊ ሲሆን፣ በአራተኛው መቶ ዓመት በላይኛው ግብፅ በጠባንስ መነኮሳትን በአንድ አጥር ውስጥ ሰብስቦ በአንድ ሥርዓት እንዲኖሩ አደረገ። ከዚያ በፊት መናኝ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ነበር፤ የሚያየውም እግዚአብሔርና ሰይጣን ብቻ ነበሩ። በጳኩሚስ ቤት ግን ለጸሎት የሚያስነሣ ምልክት ይሰማል፤ ያልተነሣ ይታወቃል፤ የታወቀ ይጠየቃል። ሥርዓቱ ግን ጨካኝ አይደለም። በትውፊቱ መልአክ በሰሌዳ ጽፎ ካመጣለት ትእዛዝ የመጀመሪያው እያንዳንዱ እንደ አቅሙ ይብላ፣ ይጠጣ፤ ሥራም እንደሚበላው ይሰጠው፤ መጾም የሚፈልገውን አትከልክል፣ መብላት የሚፈልገውንም አትከልክል የሚል አሳብ ያለበት ነው። የሰውን ልክ የሚያውቅ ሰው ነው ይህን ያዘዘው።

ሥርዓተ ጳኩሚስ ወደ ግዕዝ የተመለሰው በአክሱም ዘመን ነው። ገድለ አረጋዊም አቡነ አረጋዊን የጳኩሚስ ደቀ መዝሙር ያደርጋቸዋል። ዘመኑ እንኳ አይገጥምም፤ በሁለቱ መካከል ከመቶ ዓመት በላይ አለ። የገድሉ ጸሐፊ ግን የዘር ሐረግ እየቆጠረ እንጂ ዓመት እየቆጠረ አልነበረም። በዚህ መንገድ ወደ አገራችን የገባው ዋና ነገር ከደንቡ ዝርዝር ይልቅ ጠያቂው ይመስለኛል። አበ ምኔት መነኩሴውን ይጠይቃል። የኔታ ተማሪውን ይጠይቃሉ፤ ቅኔ ቆጥሮ ያልመጣ ተማሪ ጉዳዩን ከራሱ ጋር ብቻ ተስማምቶ አያልፍም። በገዳም ያልሆነውን ምእመን ደግሞ ነፍስ አባቱ ይጠይቀዋል። ከአራቱ የመጻሕፍት ጉባኤያት አንዱ መጻሕፍተ መነኮሳት መሆኑም ያለ ነገር አይደለም፤ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ በመምህር ፊት ተነብበው ይተረጎማሉ። ፊልክስዩስ እንዲያውም ከዳር እስከ ዳር ጥያቄና መልስ ነው። ስለ ራስ አኗኗር የሚያወራ መጽሐፍ ለብቻ የሚነበብ ሳይሆን በሰው ፊት ተከፍቶ፣ በሰው ፊት የሚታጠፍ ነበር።

በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ. ከ1510 እስከ 1522 ባለው ጊዜ፣ አባ ሚካኤል የሚባሉ ሰው መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባንን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱ። ሥሩ የዘጠነኛው መቶ ዓመት የባግዳድ ሐኪምና ተርጓሚ ሁነይን ኢብን ኢስሐቅ ካጠናቀረው የፈላስፎች አባባል ስብስብ ይመዘዛል። እዚህ ላይ ሶቅራጥስ፣ አፍላጦን፣ አርስጣጣሊስና እስክንድር እንደ ጻድቃን አባቶች ተራ በተራ እየወጡ ይመክራሉ። ክላውድ ሰምነር የተባሉት ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ካህንና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህር ይህንን ሥራና መሰሎቹን አጥንተው በበርካታ ቅጾች ባያሳትሙልን ኖሮ ከግዕዝ ሊቃውንት ውጪ የሚያውቃቸው እጅግ ጥቂት በሆነ።

ከእነዚህ ሥራዎች ደጋግሜ የምመለስበት ግን የስክንድስ ታሪክ ነው። ስክንድስ በሩቅ አገር ፍልስፍና ሲማር የሴትን ንጽሕና የሚያንቋሽሽ አባባል ሰማ። እውነት መሆኑን ለመፈተን ከብዙ ዘመን በኋላ ወደ ቤቱ ተመለሰና፣ ማንነቱን ሳያውቁ፣ በገረዷ በኩል ለገዛ እናቱ ገንዘብ አቀረበ። እናቲቱ እሺ አለች። ሌሊቱን ሳይነካት አደረና ጠዋት ማን እንደሆነ ነገራት። ከኀፍረቷ የተነሣ ታንቃ ሞተች። ስክንድስም አንደበቴ ገደላት ብሎ እስከ ሞቱ ላይናገር ማለ። ንጉሠ ነገሥት ሃድርያን ሊያናግረው ሞክሮ አቃተው፤ ለገዳይ ሰጠው፤ ለገዳዩም በምስጢር ከተናገረ ግደለው፣ ዝም ካለ መልሰው ብሎ አዘዘ። ዝም አለ፤ ተረፈ። ከዚያ በኋላ የንጉሡን ጥያቄዎች ሁሉ በጽሑፍ መለሰ።

በዚህ ቅኝት ውስጥ ካሉት ደንቦች ሁሉ ባለቤቱ ሙሉ ዋጋ የከፈለበት አንዱ ይህ ነው። የዝምታ ምክር በየአገሩ ሞልቷል፤ እኛም ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም እንላለን፤ ሲያሰኘን ደግሞ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል እንላለን። ተረትና ምሳሌ ለሁለቱም ወገን ጠበቃ ነውና አንዱን መርጦ ለመኖር ሌላ ምክንያት ያስፈልጋል። ስክንድስ ምክንያት ነበረው። መጽሐፉ ግን ስለ እናቲቱ የሚለው ትንሽ ነው፤ የእሱ ጥበብ በእሷ ሬሳ ላይ የቆመ መሆኑን ደራሲው የተረዳው አይመስልም።

የሐተታ ዘርዓ ያዕቆብን ጉዳይ ብዙ ሰው ስለሚያውቀው ባጭሩ አልፈዋለሁ። ደራሲው እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ1599 በአክሱም አቅራቢያ ተወልዶ፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት ጠብ ተከስሶ፣ ዳዊቱን ይዞ ሸሽቶ ሁለት ዓመት በዋሻ ኖረ፤ በኋላም በእንፍራዝ መጽሐፍ እየጻፈ ተዳደረ። የሥራውን እውነተኛነት ጣሊያናዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ከተጠራጠረ ወዲህ ክርክሩ እስካሁን አልተቋጨም፤ ሐተታውን ወደ አውሮፓ የላከው ጣሊያናዊው ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ራሱ ደራሲው ነው የሚሉ አሉ፤ ሰምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ነው ብለው ተሟግተዋል። ለእኔ ጉዳይ ከዋሻው ፈላስፋ ይልቅ በደቀ መዝሙሩ በወልደ ሕይወት ስም የተጻፈው ሁለተኛው ሐተታ ይጠቅማል። ዋሻ ውስጥ ያለ ሰው በነፃነት ያስባል፤ ሚስት፣ ልጅ፣ ጎረቤትና ሥራ ያለው ሰው ግን ያንን አሳብ ምን ያደርገዋል? ወልደ ሕይወት ስለ ልብስ ንጽሕና፣ ስለ አበላል፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ቁጣ ይጽፋል። ከሁሉ የሚበልጠው ስለ እጅ ሥራ የጻፈው ነው፤ የእጅ ሥራ ለድሆች፣ ለቀጥቃጮች፣ ለግንበኞችና ለገበሬዎች ብቻ ነው፣ ለታላላቅ ሰዎች ልጆች አይገባም እንዳትል ብሎ ያስጠነቅቃል።

ይህ በእኛ አገር ቀላል አሳብ አልነበረም። ብረት የሚቀጠቅጠው ቡዳ፣ ሸማ የሚሠራው ቁጢት በጭ እየተባለ ማረሻውን ከአንዱ፣ ጋቢውን ከሌላው እየወሰደ የሚንቅ ኅብረተሰብ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድበውን የሚከለክል አዋጅ እስኪያስነግሩ ድረስ ደረሰ። አንድ ሰው በሐተታ የመከረው ነገር ከነጋሪት ጋር ወጣ ማለት ነው። አዋጁ ስድቡን አጠፋው ለማለት ግን አልደፍርም፤ አዋጅም እንደ ምክር ሁሉ የሚጠይቅለት ይፈልጋል።

ወልደ ሕይወት ኖረበት የተባለው መቶ ዓመት ሲያልፍ፣ በአትላንቲክ ወዲያና ወዲህ፣ ሁለት ሰዎች ለራሳቸው ደንብ ያወጡ ነበር። ቤንጃሚን ፍራንክሊን አሥራ ሁለት በጎ ጠባዮችን ዘረዘረ፤ አንድ የኩዌከር ወዳጁ ትዕቢተኛ ነህ ቢለው አሥራ ሦስተኛ አድርጎ ትሕትናን ጨመረ። ትንሽ ደብተር አዘጋጅቶ ለሰባቱ ቀናት ሰባት ዓምድ አሰመረ፤ በየሳምንቱ አንዱን ጠባይ እየጠበቀ፣ በጣሰ ቁጥር ጥቁር ነጥብ ይጥላል። አሥራ ሦስት ሳምንት አንድ ዙር፣ በዓመት አራት ዙር። በአሥራ አንድ ሰዓት ንጋት መነሣትም በዕለት መርሐ ግብሩ ውስጥ ነበረ። ከሁሉ ያስቸገረው ነገሮችን በየቦታቸው ማስቀመጥ እንደሆነ በራሱ ታሪክ ውስጥ በፈገግታ ይናገራል።

ሒሳቡ ያምራል። ነገር ግን ይህ ሰው በዚያ ደብተር ከአሥራ ሦስቱ አንዱ አድርጎ ፍትሕን የጻፈ፣ በኖረበት ብዙ ዘመንም ባሪያዎች የነበሩት ሰው ነው። በእርጅናው የባርነት ተቃዋሚዎች ማኅበር መሪ እስኪሆን ድረስ ያ ነገር በየትኛው ዓምድ ነጥብ ተጣለበት? ራሱን ብቻ የሚጠይቅ ሰው የሚጠየቅበትንም ራሱ ይመርጣል። ዛሬ በአዲስ አበባ መንገድ ዳር የሚዘረጉት የስኬት መጻሕፍት፣ ሰባት ልማድ፣ አሥር ሕግ እያሉ የሚቆጥሩት፣ አብዛኞቹ የዚህ ደብተር ልጆች ናቸው። አልንቃቸውም፤ ጠዋት በሰዓቱ የተነሣ ሰው ካልተነሣው ይሻላል። የነፍስ አባቱ ወንበር ግን ባዶ ነው።

ሁለተኛው ሰው ሳሙኤል ጆንሰን ነው፤ እንግሊዛዊው የመዝገበ ቃላት ሊቅ። እሱም በየልደቱ፣ በየፋሲካው፣ በየዘመን መለወጫው ደንብ ይጽፍ ነበር። ማልጄ እነሣለሁ፣ ቅዱሳት መጻሕፍትን አነባለሁ፣ ሥራ ፈትነትን እተዋለሁ። በሚቀጥለው ዓመትም ያንኑ ይጽፋል። በ1764 በአምሳ አምስተኛ ልደቱ፣ አምሳ አምስት ዓመት የኖርኩት ስወስን ነው የሚል አሳብ ጻፈ። በዚያው ዓመት ፋሲካ አካባቢ ቢቻል ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳያልፍ ሊነሣ ቆርጦ ነበር። በማግስቱ ዓመት ሁለት ሰዓት አደረገው፤ ምክንያቱንም አልደበቀም፤ ማለዳ ባይባልም ብዙ ጊዜ እስከ ስምንት ሰዓት ቀን ስለሚተኛ ከዚያ ይሻላል። ሲሞት እነዚህን ወረቀቶች ለአንድ ቄስ ወዳጁ ትቶ፣ በ1785 ታተሙ። ከፍራንክሊን ሰንጠረዥ ይልቅ እኔ የማምነው ይህንን ነው። ጆንሰንን የሚጠይቀው ፈራጅ ከእሱ ውጪ ነበረና ነጥቡን ማሳመር አልቻለም።

ይኸው ጆንሰን ከኢትዮጵያ ጋር አሮጌ ትውውቅ ነበረው። በ1735 የታተመው የመጀመሪያ መጽሐፉ የፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ የጄሮኒሞ ሎቦ የኢትዮጵያ ጉዞ ትርጉም ነው። እዚያ ውስጥ የሱስንዮስ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ስሙ በአውሮፓ አጻጻፍ ተቀይሮ ይገኛል። በ1759 እናቱ በሞተች ጊዜ ጆንሰን የቀብሯን ወጪ ለመሸፈን በአንድ ሳምንት ምሽቶች አጭር ልቦለድ ጻፈና ከዚያ ስም ለልቦለዱ ልዑል ስም አወጣ፤ ራሴላስ። ዘርዓ ያዕቆብን ለስደት የዳረገው የሃይማኖት ጠብ ዋና ሰው ለንደን ላይ ጥሩ አኗኗር ፍለጋ የወጣ ልዑል ሆነ።

በእኛ በኩል ደግሞ በ1910 ዓ.ም. ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። ከሹሩፓክ ጀምሮ የመጣው አቀማመጥ በአማርኛ ማተሚያ ቤት ገባ ማለት ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያው ሰው «ወዳጄ ልቤ»ን ጻፉ፤ እንግዲህ የተጠራው ልጅ ሳይሆን የራስ ልብ ነው። ኅሩይ የመርሐ ቤቴ ሰው፣ የቤተ ክህነት ተማሪ፣ በኋላም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1938 በስደት በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ሞቱ። ከልጆቻቸው አንዱን ሲራክ ብለው ነበር የሰየሙት።

ሲራክ ኅሩይ በኦክስፎርድ ተምረው፣ አገር ነፃ ከወጣ በኋላ የጆንሰንን ራሴላስ ወደ አማርኛ መለሱት። አባት ምክር ጽፈው ነበር፤ ልጅ የመረጡት መጽሐፍ ግን መካሪ ሁሉ ተራ በተራ የሚወድቅበት ነው። ራሴላስ በአምሐራ ተራሮች መካከል ከተከለለው የደስታ ሸለቆ አምልጦ ካይሮ ይሄዳል። ስሜትን ስለ መግዛት ድንቅ ትምህርት የሚሰጥ ፈላስፋ ያገኝና አኗኗሬን አገኘሁ ይላል። ሌላ ቀን ሲመለስ ሰውየው በጨለማ ክፍል ተቀምጧል፤ አንዲት ልጁ ሌሊቱን ሞታበታለች። ያን ዕለት ያስተማርከው የት ሄደ ቢለው፣ እውነትና ጥበብ ልጄ እንደማትመለስ ከመንገር ሌላ ምን ያጽናኑኛል ብሎ ይመልስለታል።

የመጨረሻው ምዕራፍ ርእስ ምንም እንዳልተደመደመ ይናገራል። ዓባይ ሞልቶ ራሴላስና አብረውት የወጡት ቤት ተዘግተው ሳሉ፣ እንዴት መኖር እንደሚወዱ በየተራ ያወራሉ። እኅቱ ልዕልቲቱ የተማሩ ሴቶች ትምህርት ቤት ተመኘች። ልዑሉ ራሱ በፍትሕ የሚያስተዳድራት አንዲት ትንሽ መንግሥት ፈለገ፤ ወሰኗን ግን አንድ ቦታ ላይ ማቆም አልሆነለትም፤ ሕዝቧን በየጊዜው ይጨምር ነበር። የሚመኙት እንደማይሆን ሁሉም ያውቃሉ፤ ጎርፉ ሲጎድል ወደ አገራቸው ለመመለስ ይወስናሉ።